የሞተው ፎርማቱ አይደለም

ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ የድምፅ ፋይል ያለው ሰው ብራውዘሩ አላጫውት ብሎት ምክር ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ «ወደ ኤምፒ3 ቀይረውና ዋናውን ጣለው፤ ያ ፎርማት ሞቷል።» ይህን የሚለው የሰፈሩ ኮምፒውተር ጠጋኝ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የድረ ገጽ ባለሙያውም፣ የማኅደር ኃላፊውም፣ ብራውዘር የሚሠራው ኩባንያም ይህንኑ ይላሉ። ሁሉም ስለተስማማበት ማንም አይመረምረውም። እኔ ምክሩ ከግማሽ በላይ ስህተት ነው ባይ ነኝ። ሪልኦዲዮ፣ ዊንዶውስ ሚዲያ፣ ሚዲ፣ ኤአይኤፍኤፍ፣ ኤዩ፣ ኤኤምአር የሚባሉት ፋይሎች ዛሬም በድረ ገጽ ላይ እንደነበሩ ሊጫወቱ ይችላሉ፤ መጫወትም አለባቸው። ዝም ያሰኛቸው የሰው ውሳኔ ነው፤ ውሳኔ ደግሞ ይከለሳል።

ነገሩን ከመጀመሪያው እናንሣው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በኤፕሪል 1995 ሲያትል የሚገኘው ፕሮግሬሲቭ ኔትዎርክስ፣ በኋላ ሪልኔትዎርክስ የተባለው ኩባንያ፣ ሪልኦዲዮን አወጣ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 5 የሲያትል ማሪነርስና የኒውዮርክ ያንኪስ የቤዝቦል ግጥሚያ በኢንተርኔት በቀጥታ ተሰማ። በስልክ መስመር እያንቋረረ ለሚገናኝ ሞደም ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ከዚያ በፊት አንድ ዘፈን ለመስማት ፋይሉ ወርዶ እስኪያልቅ ሻይ አፍልቶ መጠጣት ያስፈልግ ነበር። ብራውዘሩ ግን ሪልኦዲዮን ራሱ አያጫውትም። ኔትስኬፕ የተባለው ብራውዘር በከፈተው የፕለጊን በር ሪልፕሌየር ይገባና ሥራውን ይሠራል። ኩዊክታይምም፣ ፍላሽም፣ የዊንዶውስ ሚዲያ ማጫወቻም በዚሁ በር ተስተናግደዋል።

በሩ በየተራ ተዘጋ። ክሮም በ2015 በ45ኛው እትሙ፣ ፋየርፎክስ በ2017 በ52ኛው እትሙ ፍላሽን ብቻ አስቀርቶ፣ ፍላሽም ራሱ በ2020 መጨረሻ ተሰናበተ። በዚህ ውሳኔ ላይ ክርክር የለኝም። ፕለጊኖቹ የማሽኑን ሙሉ ሥልጣን ይዘው የሚገቡ፣ አምራቾቻቸው ሲደክሙ የሚጠግናቸው ያጡ ሶፍትዌሮች ነበሩ። ክርክሬ በሩ ሲዘጋ አብሮ ከተዛመተው አባባል ጋር ነው። በበሩ ይገባ የነበረው ፋይል አንድም ባይት አልተለወጠም። ቋንቋውን የሚያውቅ ሶፍትዌርም አልጠፋም። ፋብሪስ ቤላር በ2000 የጀመረው ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ለ14.4 ሞደም ከተሠራው የመጀመሪያ ኮዴክ (የድምፅ መጭመቂያና መፍቻ ስልት) ጀምሮ የሪልኦዲዮን ትውልዶች ያነባል፤ የዊንዶውስ ሚዲያንም እንዲሁ። ቪኤልሲ የተባለውን ማጫወቻ በኮምፒውተሩ የጫነ ሰው እነዚህን ፋይሎች ያለ ችግር የሚከፍተው በዚሁ ሥራ ነው። እንግዲህ ጉድ የሚያሰኘው ቀጥሎ ያለው ነው። የክሮም መሠረት የሆነው ክሮሚየም ራሱ ኤፍኤፍኤምፔግን በሆዱ ይዞ ነው የሚመጣው። አምራቾቹ የሚፈልጓቸውን ጥቂት ዲኮደሮች (ፋይል ፈቺዎች) አስቀርተው ሌላውን እያጠፉ ያጠናቅሩታል። የምንፈልገውን የሚያውቀው ሰው ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል፤ እንዳይናገር የከለከሉት ባለቤቶቹ ናቸው።

«ቴክኒኩ ከባድ ነው» የሚለውን ሰበብ ለማፍረስ ሪልኦዲዮ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ኤአይኤፍኤፍን ውሰዱ። አፕል በ1988 ያወጣው ይህ ፎርማት በተለመደው መልኩ ምንም ዓይነት መጭመቅ የሌለበት ጥሬ ድምፅ ነው። ከዌቭ የሚለየው በመግቢያው አጻጻፍና በባይቶቹ ቅደም ተከተል ነው፤ አንዱ ከትልቁ ይጀምራል፣ ሌላው ከትንሹ። ሳፋሪ ያጫውተዋል፤ ክሮም አያጫውተውም። የሰን ማይክሮሲስተምስ ኤዩ ፋይል ደግሞ ከ24 ባይት መግቢያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ሙ-ሎው የሚባለውን የስልክ ድምፅ አቀማመጥ ነው። ያው ሙ-ሎው በዌቭ ፋይል ተጠቅልሎ ሲመጣ ክሮም ሳያንገራግር ያሰማዋል፤ በኤዩ ሲመጣ ፊቱን ያዞራል። ይዘቱ አንድ ሆኖ መጠቅለያው ስለተለየ ብቻ የሚጣል ፋይል «በቴክኒክ አስቸጋሪ» ሊባል አይችልም። አንድ የሁለተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ የሚጽፈው ጥቂት መስመር ኮድ ነው።

የደህንነት ክርክሩን ግን አከብረዋለሁ። ዲኮደር ከማይታወቅ ሰው የመጣ ውስብስብ ፋይል ያነባል፤ በሲ የተጻፈ ዲኮደር አንድ ስህተት ካለበት አጥቂ በዚያ ሾልኮ ሊገባ ይችላል። ጉግል በ2023 ቴዎራ የተባለውን የቆየ የቪዲዮ ኮዴክ ከክሮም ለማስወጣት ሲነሣ የጠቀሰው ይህንኑ ነው፤ ተጠቃሚው ጥቂት፣ አደጋው ብዙ የሚል ስሌት። ነገር ግን በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ አጥቂዎች በተግባር ሲጠቀሙባቸው የተደረሰባቸው ሁለት ታላላቅ ቀዳዳዎች የት ነበሩ? አንዱ የዌብፒ ምስል በሚያነበው ሊብዌብፒ፣ ሌላው በቪዲዮው ሊብቪፒኤክስ። ሁለቱም በጉግል እጅ ያሉ፣ በየብራውዘሩ በየደቂቃው የሚሠሩ፣ ማንም «የሞቱ ናቸው» ብሎ የማያውቃቸው። አደጋው የሚወለደው ከኮዱ አጻጻፍና ኮዱ ካለው ሥልጣን ነው፤ የፎርማቱ ዕድሜ ወንጀለኛ አይደለም።

ብዙ ዓይን የማያየው ኮድ ብዙ ስህተት እንደሚደብቅ አልክድም። መፍትሔው ግን ተገኝቶ ሥራ ላይ ከዋለ ቆይቷል። ኮድን በብራውዘሩ ውስጥ ከልሎ የሚያሠራው ዌብአሴምብሊ ከ2017 ጀምሮ በዋናዎቹ ብራውዘሮች ሁሉ አለ። በሲ የተጻፈ ዲኮደር በእርሱ ሲጠናቀር ከተሰጠው የማስታወሻ ክልል ውጭ መንካት አይችልም፤ ፋይልህን አያይም፣ ሌላውን ገጽ አያውቅም። ፋይሉ ተንኮል ቢኖርበት የሚሆነው ከባድ ነገር ቢኖር ድምፁ መበላሸቱ ወይም ገጹ መቆሙ ነው። ሞዚላ ይህን ሐሳብ ወደ ራሱ ቤት አስገብቶታል፤ በዲሴምበር 2021 የወጣው ፋየርፎክስ 95 ኦግ የተባለውን የድምፅ ማቀፊያ የሚያነበውን ጨምሮ ጥቂት የኮድ ቤተ መጻሕፍቶችን በዚህ መንገድ ከበረት አስገብቷል። ስለዚህ «ወይ ደህንነት ወይ የድሮ ድምፅ» የሚለው ምርጫ ከ2021 ወዲህ ጊዜው ያለፈበት ምርጫ ነው።

«ማን ይጠቀምበታል?» የሚለው ሦስተኛው ክርክር ራሱን የሚመግብ ነው። ብራውዘሮች አንድ ነገር ከማውጣታቸው በፊት ስንት ገጽ እንደሚጠቀምበት ይቆጥራሉ። መጀመሪያ እንዳይጫወት ካደረጉት በኋላ የሚያጫውት ሰው ማጣታቸው ምን ይገርማል? አንዲት የታሪክ ተመራማሪ በዓመት አንድ ጊዜ የምታዳምጠው የቆየ ቃለ ምልልስ በእንዲህ ያለ ቆጠራ ከዜሮ አይለይም። ቤተ መጻሕፍት ሰው ያልተዋሳቸውን መጻሕፍት በዚህ ሚዛን እየመዘነ ቢያቃጥል እኮ ጉድ እንላለን። «ፓተንት አለበት» የሚለውን ክርክር ደግሞ ጊዜ ራሱ እየፈታው ነው፤ ፓተንት በተለምዶ 20 ዓመት ነው የሚቆየው፣ የኤምፒ3 የፈቃድ ጣጣም በ2017 አብቅቷል። ፎርማቱ ባረጀ ቁጥር ነፃ እየወጣ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ «ቀይረው» እንምጣ።

ሪልኦዲዮ ሲወጣ የያዘው የመጀመሪያው ኮዴክ ድምፅን በሰከንድ 8 ኪሎቢት አካባቢ ያስቀምጥ ነበር። አንድ ሰዓት ንግግር 3.6 ሜጋባይት ብቻ። ናሙናው 8 ኪሎኸርዝ ስለሆነ ከ4 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ አስቀድሞ የለም፤ በስልክ «ሰ» እና «ፈ» የሚምታቱብን ለዚህ ነው። እንዲህ የተራቆተ ድምፅ በሌላ አጥፊ ኮዴክ ሲያልፍ ሁለተኛው ኮዴክ የመጀመሪያውን ጉድለትና ዝገት እንደ ድምፅ ቆጥሮ ይጨምቀዋል፤ ከቀረውም ላይ የራሱን ድርሻ ይቆርሳል። ቀያሪው በበኩሉ «ጥራቱን ከፍ አደረግሁት» ብሎ ያምናል፣ ምክንያቱም ሶፍትዌሩ 128 ኪሎቢት የሚል ጽፎለታል።

የማውቀው በሰሜን አሜሪካ የሚገኝ አንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ የዘጠናዎቹን መጨረሻ የአማርኛ ዝግጅቶቹን በዚህ መልክ ለወጠ። 3.6 ሜጋባይት የነበረው የአንድ ሰዓት ዝግጅት 57.6 ሜጋባይት ሆነ። የተጨመረው 54 ሜጋባይት አንዲት ቃል እንኳ አልጨመረም፤ የጨመረው የአድማጩን ወጪ ነው። በአዲስ አበባ ጥቅል ገዝቶ የሚያዳምጥ ሰው፣ በሪያድ በሰው ቤት እየሠራች ማታ በስልኳ የምትከፍት እህት፣ ያንን ባዶ ክብደት በገንዘባቸው ይሸከሙታል። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። የሪልሚዲያ ፋይል በመግቢያው የርዕስ፣ የአቅራቢና የመብት መስክ አለው። አዘጋጆቹ ያኔ በትጋት የሞሉት ያ ሁሉ በለውጡ ጊዜ ቀረ፣ ዋናዎቹም ፋይሎች «ቦታ ያዙ» ተብለው ተሰረዙ። ዛሬ በዚያ ማኅደር የትኛው ሽማግሌ ከየትኛው ጋዜጠኛ ጋር እንደሚነጋገር የሚያውቀው ድምፁን የለየ ብቻ ነው። ቦታ ያዙ የተባሉት ፋይሎች ተደምረው የዛሬን አንድ ርካሽ ፍላሽ ዲስክ አይሞሉም ነበር።

ይህ ጉዳይ ለአማርኛ አንባቢ አዲስ ሊሆን አይገባም። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት በየፎንቱ የተጻፈ ሰነድ ያለዚያ ፎንት ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ሆኖ ይወጣል። ያን ጊዜ ችኩል ቀያሪዎች ነበሩ፤ የሠሯቸው መለወጫዎች አንዳንዱን ፊደል በሌላ እየተኩ፣ ነጠላ ሰረዙን እየዋጡ አለፉ። ዋናውን ሰነድ ያቆየ ሰው የተሻለ መለወጫ ሲመጣ እንደገና ለወጠ። ዋናውን የጣለ ግን የመጀመሪያውን መለወጫ ስህተት ለልጅ ልጅ አወረሰ። በጽሑፍ ያየነውን በድምፅ ለምን እንደግመዋለን?

ሚዲ ላይ ስንደርስ «ቀይረው» የሚለው ቃል ትርጉሙንም ያጣል። በ1983 የወጣው ሚዲ ድምፅ አይይዝም። የትኛው ቁልፍ መቼ ተነካ፣ በምን ጉልበት፣ መቼ ተለቀቀ፣ በየትኛው መሣሪያ የሚል የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ለዚህም ነው ሙሉ ዘፈን በጥቂት አስር ኪሎባይት የሚያልቀው። ከዜማ ምልክታችን ጋር ይመሳሰላል፤ በድጓው መስመር ላይ ያሉት ምልክቶች ዜማውን ያዛሉ፣ ድምፁ ግን የባለ ዜማው ነው። አንድ መሪጌታ ያዜመውን በቴፕ ቀድቶ ድጓውን የሚጥል ደብር አለ? ሚዲን ወደ ኤምፒ3 ቀይሮ ዋናውን መሰረዝ በትክክል ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፣ ምክንያቱም ጉዳቱ በእኛ ላይ ይብሳል። በ1991 የወጣው ጄኔራል ሚዲ 128 መሣሪያዎችን በቁጥር ደልድሏል። ሲታር አለበት፣ ባንጆ አለበት፣ የጃፓን ኮቶና ሻሚሰን፣ የስኮትላንዱ ባግፓይፕ ሳይቀር አለበት። ክራር የለም፤ በገና የለም፤ ማሲንቆና ዋሽንትም የሉም። የእኛን ዘፈን በኪቦርድ የቀረፀ ሙዚቀኛ ክራሩን በባንጆ ወይም በጊታር ቁጥር ማስጠጋት ነበረበት፤ ከ12ቱ የፒያኖ ድምፆች መካከል የሚወድቀውንም የቅኝት ድምፅ በፒች ቤንድ እየጎተተ ያመጣዋል። ይህንን ፋይል ዛሬ ወደ ኤምፒ3 የሚቀይር ሰው ባንጆውን ለዘላለም ያትመዋል። ፋይሉ እንዳለ ከቆየ ግን፣ በጥሩ ሁኔታ የተቀዳ የክራር ናሙና የያዘ ገጽ ያንኑ የጣት እንቅስቃሴ በክራር ሊያሰማው ይችላል። የቀድሞው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እኮ በገጽ ዳራ ሚዲ ያጫውት ነበር፤ አንዳንዴም እያናደደን። ክሮም ከ2015 ጀምሮ በዌብ ሚዲ በኩል ከተሰካ ኪቦርድ ጋር ይነጋገራል፤ አንዲት የሚዲ ፋይል ግን በራሱ አያጫውትም። ኪቦርዱን አውቆ ዜማውን የሚረሳ ብራውዘር እንዴት «ዘመናዊ» እንደሚባል አይገባኝም።

አንድ ነገር ለተቃዋሚዎቼ እሰጣለሁ። ምንም ማጫወቻ የማያድናቸው ፋይሎች አሉ። በብዙ ሰው ዲስክ ላይ «ዝግጅት» ተብለው የተቀመጡት ዶት ራም ፋይሎች ድምፅ የለባቸውም፤ ድምፁ የተቀመጠበትን ሰርቨር አድራሻ የያዙ አንድ መስመር ጽሑፍ ናቸው። የዊንዶውስ ሚዲያው ዶት ኤኤስኤክስም እንዲሁ ነው። ሰርቨሩ ከጠፋ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ስለዚህ ፋይላችሁ ጥቂት መቶ ባይት ብቻ ከሆነ በጽሑፍ ማረሚያ ክፈቱትና ውስጡን አንብቡ፤ አድራሻው ዛሬም ፋይሉን የሚሰጥ ከሆነ ድምፁን ዛሬውኑ አውርዱ።

የቀሩትስ? የሚጫወቱበት መንገድ በእጃችን ነው። ዊኪሚዲያ ሳፋሪ ኦግን ለረጅም ዓመታት አላጫውት ባለ ጊዜ «ፋይሎቻችንን እንጣል» አላለም፤ ኦጂቪ ዶት ጄኤስ የተባለ በገጹ ውስጥ የሚሠራ ዲኮደር ተጠቀመ። ኢንተርኔት አርካይቭ በኖቬምበር 2020፣ ፍላሽ ሊዘጋ ሳምንታት ሲቀሩት፣ ረፍል በተባለው ማስመሰያ የፍላሽ ሥራዎችን በብራውዘር ውስጥ ማሳየት ጀመረ፤ እሱም የቆመው በዌብአሴምብሊ ላይ ነው። ፍላሽን የሚያህል ግዙፍ ነገር እንዲህ ከተቻለ የአንድ የንግግር ኮዴክ ነገር ምን ይከብዳል?

ወጪው ነው፣ የሚሉ አሉ። ሙሉው ኤፍኤፍኤምፔግ ለብራውዘር ሲጠናቀር በአስር የሚቆጠር ሜጋባይት ይመዝናል፤ በቀርፋፋ ኔትዎርክ ይህን ማስጫን ግፍ ነው፣ እስማማለሁ። ግን ማን ሙሉውን አምጡ አለ? የሪልኦዲዮና የዊንዶውስ ሚዲያ ዲኮደሮች ብቻ ተመርጠው ሲጠናቀሩ ክብደቱ በብዙ እጥፍ ይወርዳል። አንዴ ከወረደ ብራውዘሩ ያስቀምጠዋል፤ የሚቀጥለው የ3.6 ሜጋባይት ዝግጅት ያለ ተጨማሪ ወጪ ይሰማል። ከላይ ካየነው 57.6 ሜጋባይት ጋር ሒሳቡን አንባቢ ይሥራው።

ብዙ ሰው ግን ችግሩን ፎርማቱ ላይ ያላክከዋል እንጂ አንዳንዴ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ገጹ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ተዛውሮ የድምፁ ሊንክ በድሮው ኤችቲቲፒ ከቀረ፣ ክሮም ከ2020 ጀምሮ አድራሻውን በግድ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ይለውጠዋል፤ ሰርቨሩ ካልመለሰ ድምፁ ይቀራል፣ ፋይሉ ንጹሕ ኤምፒ3 ቢሆንም እንኳ። ገጹ ሲከፈት በራሱ እንዲጀምር የተሠራውንም ክሮም ከ2018 ወዲህ አንባቢው ካልነካው አብዛኛውን ጊዜ አያስጀምርም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ሳያዩ «ፎርማቱ ሞቷል» ብለው መቶ ፋይል የሚቀይሩ አሉ፤ ቀይረውም አይጫወትላቸውም።

አዲስ ድምፅ የሚቀዳ ሰው በኦፐስ ወይም በኤምፒ3 ያውጣ፤ ኦፐስ በዝቅተኛ ቢትሬት ንግግርን የሚይዝበት ጥራት ሪልኦዲዮ በሕልሙም አያገኘውም። ለችኩል አድማጭ የተለወጠ ቅጂ ከጎን ማኖርም ነውር የለበትም፤ የኤችቲኤምኤል5 የድምፅ መለያ ብዙ ምንጮችን በቅደም ተከተል ይቀበላል፣ ብራውዘሩም የሚያውቀውን ይመርጣል። ዋናውን ማጥፋትና ከገጹ ላይ ማንሣት ግን ማኅደርን ማፍረስ ነው።

እንግዲህ ቃሌ ለእናንተ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ስብከትና መዝሙር፣ የማኅበር ሬዲዮ፣ የቤተሰብ ካሴት በሪልኦዲዮ ወይም በዊንዶውስ ሚዲያ ላስቀመጣችሁ፣ የኪቦርድ ሥራችሁን በፍሎፒ ላቆያችሁ። ዲስኮቹን ሳይበላሹ ወደ ሁለት ቦታ ገልብጡ። ስማቸውንና ቀናቸውን አትንኩ። ገጻችሁን የሚሠራላችሁ ባለሙያ «እነዚህ አይጫወቱም» ካላችሁ በዌብአሴምብሊ የተሠራ ዲኮደር እንዲያስገባ ንገሩት፤ አልችልም ካለ የሚችል ፈልጉ። ቀይራችሁ ሰርዙ ቢላችሁ ግን አትስሙት።